ጆሮ፣ ምጣድና አምፕሊፋየር

ኮልፌ ተወልዶ ያደገ ሰው ወግ ሲጀምር ማንዴላን ካላነሳ ሰፈሩን የካደ ይመስለዋል። እኔም ደንቡን ላድርስ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። ይህን ካልኩ ዘንድ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉዳዬ አምፕሊፋየር ነው።

አትሳቁ። በእኛ ቤት አምፕሊፋየር የሳቅ ነገር ሆኖ አያውቅም። አባቴና የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ የልብ ወዳጆች ናቸው፤ ሆኖም በዚህ ነገር የተነሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ፋሲካን እንኳ «እንኳን አደረሰህ» ሳይባባሉ አሳልፈዋል። የክርክሩ ጭብጥ አጭር ነው። አባቴ «የቫልቭ ድምፅ ሥጋ አለው፣ የትራንዚስተር ድምፅ አጥንት ነው» ይላል። ጠጋኙ ደግሞ ከአጣና ተራ ወረድ ብላ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ውስጥ ዕድሜውን በብየዳ ጭስ የፈጀ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ያልተበላሸ አምፕ ሁሉ አንድ ነው፤ የሚለያየው የእርስዎ ትዝታ ነው» ይላል። ያስኮረፈችው «ትዝታ» የምትለዋ ቃል ነበረች። አባቴ ጆሮውን ሲነኩበት ይችላል፤ ትዝታውን ሲነኩበት ግን አይችልም።

እኔ ልጅ ሆኜ የሁለቱንም ወገን እየሰማሁ አደግሁ። ከዓመታት በኋላ ነገሩን ከሥሩ ልመርምረው ብዬ ተነሳሁ። (ከዚህ በታች የውጭውን ዘመን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ ሌላው የራሳችን አቆጣጠር ነው።)

ድምፅ ያለ አምፕሊፋየር ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በሰም ሲሊንደር ላይ ቀርጻ ላከች። ንጉሡና እቴጌይቱም በዚያው መንገድ በድምፃቸው መለሱ። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለም። መርፌው ይርገበገባል፣ ሽፋኑ ይንቀጠቀጣል፣ ቀንዱ የሚመስለው ጡሩንባ ያንን ሰብስቦ ወደ ጆሮ ይወረውራል፤ በቃ። የዚያ ዘመን አድማጭ «የማን አምፕ ይበልጣል» ብሎ የሚጣላበት ምክንያት አልነበረውም። ደስ ሳይለው አይቀርም።

ጠቡን ያመጣው አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ከአምፑል የማይለይ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሦስተኛ ሽቦ ጨመረና ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን ኤሌክትሪክ እንዲያዝዝ አደረገ። ቫልቭ የምንለው እሱን ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ «አምፑሉ» ትለዋለች፣ አልተሳሳተችም። ቀጥሎ ለአርባ ዓመት በዓለም ላይ የጎላ ድምፅ ሁሉ፣ የሬዲዮም ሆነ የሲኒማ፣ በዚህ ትኩስ መስታወት ውስጥ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ትራንዚስተርን ፈጠሩ። ትንሽ ነው፣ አይሞቅም፣ አይሰበርም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ሰው ሳሎን መግባት ሲጀምር ሻጮቹ ሁሉ ዘመን ተቀየረ አሉ። ጆሮ ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ግን ፊታቸውን አጨማደዱ።

ይህ ጊዜ ከእኛ የሸክላ ወርቃማ ዘመን ጋር መግጠሙን ልብ በሉልኝ። ሸክላ የማስቀረጽና የማስመጣት መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ። ከዚያ በኋላ አምሃ ሬከርድስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ፊሊፕስ ተከተለ፤ መርካቶ ደግሞ ዓሊ ዓብደላ ካይፋ፣ የከተማው ሰው «ዓሊ ታንጎ» የሚለው፣ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በጨረታ የሚሸጡት እነዚያ ትንንሽ ባለ 45 ሸክላዎች ያኔ የሚሰሙት ክዳኑ ውስጥ ስፒከር በተገጠመለት፣ ሁለት ሦስት ዋት ብቻ በሚያወጣ ተንጠልጣይ ማጫወቻ ነበር። ባለጸጋው ቤት ግን ሬዲዮግራም ነበር፤ የእንጨት ሣጥን፣ ከላይ ሸክላ ማጫወቻ፣ መሀል ሬዲዮ፣ ከታች ስፒከር፣ ከላዩ ዳንቴል።

አባቴ ባለጸጋ አልነበረም። ሬዲዮግራሙን ያገኘው በ1967 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሥልጣን ይዞ የውጭ ዜጎች ዕቃቸውን ሸጠው ከፒያሳ ሲለቁ፣ አንድ ግሪካዊ ቤተሰብ ሊያወጣው የነበረውን የጀርመን ሬዲዮግራም በአንድ የወር ደመወዙ ገዛና በጋሪ አስጭኖ ኮልፌ ድረስ አብሮት በእግሩ መጣ። በውስጡ ለግራና ለቀኝ ሁለት ሁለት ኢ.ኤል. 84 የሚባሉ የአውሮፓ ቫልቮች አሉት፤ በአንድ ወገን አሥራ ሁለት ዋት ያህል ያወጣል። ከዚያ በፊት የነበረው ማጫወቻ ባለ ትራንዚስተር፣ ርካሽ፣ የዘመኑ የመጀመሪያ ትውልድ ዕቃ ነበር።

እንግዲህ የአባቴ ሃይማኖት የተመሠረተው በዚያ ሽግግር ላይ ነው። የተመሠረተበትን ሁኔታ ካላወቅን ግን እንስተዋለን።

ሁኔታው የሰዓት እላፊ ነበር። አዲስ አበባ ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል በሌሊት የማይወጣባት ከተማ ነበረች። ሆቴል ለመጨፈር የገባ እስኪነጋ እዚያው ተቆልፎበት ያድራል፤ ያልገባ ቤቱ ይቀመጣል። በተለይ በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ወቅት ሰው ቤቱ ቢሆንም ዘፈን ከፍ አድርጎ መስማት አይደፍርም ነበር። አባቴ ሬዲዮግራሙን የሚከፍተው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ድምፁን ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ስጠይቀው «ጎረቤት ያዘነ ይኖራል» ይላል እንጂ «ፈርቼ ነው» አይልም። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።

አሁን ነገሩ ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ታገሱኝ። የብዙዎቹ ትራንዚስተር አምፖች አሠራር አጣና ተራ በመጋዝ ግንድ የሚሰነጥቁትን ሁለት ሰዎች ይመስላል። አንዱ ወደ ራሱ ይስባል፣ ከዚያ ያኛው ይስባል። የድምፅ ማዕበሉን ወደ ላይ የሚሄደውን ግማሽ አንዱ ትራንዚስተር ይይዛል፣ ወደ ታች የሚሄደውን ሌላው። ጥሩ ሠራተኞች ከሆኑ መቀባበሉ አይታወቅም። በመጀመሪያዎቹ ርካሽ ዕቃዎች ግን አንዱ ለቅቆ ሌላው እስኪይዝ ድረስ መጋዙ ለቅጽበት ይቆማል። ይህች እንቅፋት መጠኗ አይለወጥም፤ ድምፁ ሲጎላ ትዋጣለች፣ ድምፁ ሲያንስ ግን ከዘፈኑ ጋር እኩል ትሆናለች። አሸዋ እንደተነሰነሰበት ነገር ያሻክራል። ቫልቮቹ በዝቅተኛ ድምፅ ሲሠሩ ግን ሁለቱም እጃቸውን ከመጋዙ አይለቁም፤ እንቅፋቱ የለም።

ስለዚህ በ1970 ዓ.ም. በተጋረደ መስኮት ሥር፣ በሹክሹክታ ድምፅ፣ አባቴ «ቫልቩ ይበልጣል» ሲል ትክክል ነበር። ትዝታ አልነበረም። ሰላም ባለበት አገር፣ ድምፁን እንደልቡ ከፍቶ የሚሰማ ሰው ያን ያህል ልዩነት ላይሰማ ይችል ነበር። የሰዓት እላፊው ነው ጆሮውን ያሳለው።

ከዚያ ካሴት መጣ። የሸክላ ሕትመት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ ከሞላ ጎደል ቆመ። አምሃ እሸቴም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰዶ ነበር። (ኋላ ተመልሶ መጥቶ በ2013 ዓ.ም. አርፏል።) የካሴቱን ዘመን ድምፅ በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የኮፒ ኮፒ የሆነ ካሴት ላይ ከፉጨቱ ሥር ዘፈን ፈልጎ ለሚሰማ ሰው የአምፕ ልዩነት ቅንጦት ነው። ግን በዚያው ዘመን ዕቃው ተለወጠ። ጅዳና ቤይሩት ሠርተው የሚመለሱ እህቶቻችን፣ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣው ኮንትሮባንድ፣ የድሬዳዋው «ታይዋን» ገበያ፣ እነዚህ ሁሉ ተባብረው የጃፓን ዴክን ኮልፌ ድረስ አደረሱት። አክስቴ በ1978 ዓ.ም. ከጅዳ ያመጣችው ባለ አርባ ዋት ዴክ እነሆ የዚህ ታሪክ ሁለተኛው ተዋናይ ነው። ጠጋኙ የሚሟገተው ለእሱ ነው። መጋዝ ሳቢዎቹ በዚያን ጊዜ ሥራቸውን ተምረው ነበርና፣ ያ የመጀመሪያው ትውልድ እንቅፋት ከጃፓኑ ዴክ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

በደጅ ደግሞ ሞንታርቦ ነገሠ። የጣልያን ፋብሪካ ስም እኮ ነው፤ እኛ ግን የትኛውንም ትልቅ ስፒከር፣ ቻይና ይሥራው ቱርክ፣ ሞንታርቦ ብለን አጠመቅነው። ለሠርግ ሞንታርቦ፣ ለስብሰባ ሞንታርቦ። የእኔ ትውልድ «ጥሩ ድምፅ» ማለት ደረት የሚመታ ድምፅ ነው ብሎ የተማረው ከሞንታርቦ ይመስለኛል። ቀጥሎ የመጡት የቻይና ቴፖች ይህን አውቀውብናል። ከፊት ለፊታቸው «1200 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ብለው በብር ቀለም ይጽፋሉ፤ ዞር አድርጎ ጀርባቸውን ያነበበ ሰው ከግድግዳው የሚወስዱት ሠላሳ ዋት መሆኑን ያያል። ሠላሳ ዋት በልቶ 1200 ዋት የሚያወጣ ዕቃ ቢኖር ግልገል ጊቤን ባልገደብን ነበር።

በውጭው ዓለም ይህን የኮልፌ ክርክር በገንዘብና በሳይንስ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጄምስ ሞየር የሚባል የእንግሊዝ የድምፅ መሐንዲስ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት ላይ የአንድ ፋብሪካ፣ የኳድ፣ ሦስት ትውልድ አምፖችን አንዱን ባለ ቫልቭ ሁለቱን ባለ ትራንዚስተር አድርጎ በጭፍን አስደመጠ። አድማጮቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በጥር 1987 «ስቴሪዮ ሪቪው» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ220 ዶላር ዕቃ ጀምሮ 12,000 ዶላር እስከሚያወጣ ባለ ቫልቭ ድረስ አወዳደረ፤ ውጤቱ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን ቦብ ካርቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 «ስቴሪዮፋይል» ከሚባለው መጽሔት ሰዎች ጋር ተወራርዶ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ተዘግቶ፣ የራሱን ርካሽ ትራንዚስተር አምፕ እየነካካ የእነሱን ውድ አምፕ አስመሰለው፤ እነሱም መለየት እንዳቃታቸው አመኑ። ልብ በሉ፣ ካርቨር «ልዩነት የለም» አላለም። «ልዩነቱ ምትሃት አይደለም፣ ተለክቶ ይሠራል» ነው ያለው።

ከነዚህ ሙከራዎች የተማርኩት አንድ ነገር የመርካቶ ሻጭ ድሮም የሚያውቀው ነው። ሁለት ዕቃ ሲወዳደር በጥቂቱ የጎላው «የተሻለ» መስሎ ይሰማል፤ «ጎላ አለ» ብለን አንናገርም፣ «ጠራ፣ ሞላ» እንላለን። ሻጩ ሊሸጥ የፈለገውን ዕቃ ቁልፍ በጣት ጫፍ ገፋ ያደርጋታል፣ እኛም ኪሳችን እንገባለን። ስለዚህ ሁለቱ አምፖች በቮልት መለኪያ እኩል ካልተደረጉ፣ ልዩነታቸውም ከመቶ አንድ ገደማ ካልወረደ፣ ውድድሩ ዋጋ የለውም።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱን ሽማግሌዎች ቤታችን አስቀመጥኳቸው። ኩርፊያው ካለፈ ቆይቷል፤ ቡና ተፈልቷል። ሬዲዮግራሙንና ዴኩን በአባቴ ጋቢ ሸፈንኳቸው። የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎቻቸውን ዘለን በቀጥታ ወደ ዋናው አምፕ ገባን፣ ሁለቱንም በየተራ ከአንድ ጥንድ ስፒከር ጋር በማብሪያ ማጥፊያ አገናኘን። ከስልኬ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ አጫውቼ በጠጋኙ በራሱ መለኪያ ሁለቱን ሁለት ቮልት ላይ እኩል አደረግኋቸው። እህቴ ሳንቲም እየወረወረች ትቀያይራለች፤ እነሱ ወረቀት ላይ «ቫ» ወይም «ት» ይጽፋሉ። አሥራ ስድስት ዙር። ከአሥራ ስድስቱ አሥራ ሁለት ያላገኘ በዕድል ነው የምንለው ብዬ ቀድሜ አስማማኋቸው።

አባቴ ዘጠኝ አገኘ። ጠጋኙ ስምንት።

ጠጋኙ ምንም አላለም፤ ስኳሩን ሲያማስል ብቻ ከሚገባው በላይ ቆየ። አባቴ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። ደስ አላለኝም፤ እውነት ያሸነፈ ሳይሆን ሽማግሌ ያሳፈርኩ መሰለኝ። ያኔ ነው እናቴ ከማድ ቤት «እንግዲህ ሊጥ አልጠብቅላችሁም» ብላ ምጣዱን የሰካችው።

የኮልፌን መብራት የማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ያምልጠው ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ሺህ ዋት በላይ ይጎትታል። መስመራችን ቀጭን ነው፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ይጋግራል። የ2001 ዓ.ም. የፈረቃ ጊዜ፣ መብራት በመጣ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ምጣድ ሲሰካ አምፑላችን እንደ ኩራዝ ይቀላ ነበር። በዚያች ቅዳሜም መለኪያዬን ሶኬቱ ላይ ባደርገው 220 መሆን የነበረበት 180 ይላል። ቮልት በዚህን ያህል ሲወርድ የአምፑ አቅም ከሦስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ለባለ አርባ ዋቱ ዴክ ይህ ምንም አይደለም። ለባለ አሥራ ሁለት ዋቱ ሬዲዮግራም ግን ስምንት ዋት ብቻ ቀረው ማለት ነው፤ እኔም ምጣዱ በመጣ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበር። የማዕበሉ አናት ይታጠፍ ጀመር። ቫልቭ ሲጨንቀው እንደ ትራንዚስተር በቢላ አይቆርጥም፤ ለስለስ አድርጎ ያጎብጣል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሞቃል።

አባቴ ቀና አለ። «አሁን ድገሙልኝ» አለ።

ስምንት ዙር ደገምን። አባቴ ስምንቱንም አገኘ። ጠጋኙ ሰባቱን።

ጠጋኙ ብድግ ብሎ ጋቢውን ገለጠና ቫልቮቹን አየ፤ ከዚያ ሶኬቱን፤ ከዚያ ማድ ቤቱን። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አምፑ ሲያቅተው የሚያወጣው ድምፅ ነው» አለ። አባቴም «እኔ የማውቀው ይኼንን ነው» አለ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሬዲዮግራሙን የሚከፍተው ሁልጊዜ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ኮልፌ በሙሉ ሲጋግር ነው።

የላቦራቶሪ ሰዎች «አቅማቸው ሳያልፍ የሚሠሩ ጥሩ አምፖች አንድ ናቸው» ሲሉ ልክ ናቸው። ግን በእኛ ሰፈር አቅሙ ሳያልፍ የሠራ አምፕ ስንት አለ? ቮልቱ የወረደበት፣ ኮንደንሰሩ የደረቀበት፣ የተቃጠለው ትራንዚስተሩ ከምናለሽ ተራ በተገኘ በሚመስለው ተተክቶ የተበየደበት፣ ሁለት ስፒከር ይችላል የተባለው ላይ አራት የተሰካበት ነው። የእኛ አምፖች በእርግጥ ይለያያሉ። ጠጋኙ ስለ ጤነኛ አምፕ ያወራል፣ አባቴ ስላለው አምፕ።

ለመሆኑ ሦስተኛም ነበር፤ ልረሳው። በመጨረሻ ላይ በላፕቶፕ ቻርጀር የሚሠራ፣ አውራ ጣት የምታክል ቺፕ ያላት የቻይና ቦርድ ከጋቢው ሥር አስገባሁ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ እኩል ስለሚያይ ምጣዱ ቢሰካ ባይሰካ ግድ አልሰጠውም። ሁለቱም ከዴኩ ሊለዩት አልቻሉም። ጠጋኙ ቦርዱን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ገለባበጠው፤ የሚጠገን ነገር ፈልጎ አጣ። «ይኼ ቢበላሽ ምን ይደረጋል?» አለኝ። ይጣላል አልኩት። ጠረጴዛው ላይ መለሰውና ከሬዲዮግራሙ ጀርባ ተንበርክኮ፣ አንደኛው ኮንደንሰር ማበጥ ጀምሯልና ሰኞ ይዤ እመጣለሁ አለው ለአባቴ።